የጊዜ ጉዞ ያለበት የኮሪያ ፍቅር ድራማ እንዴት ይታያል? (ለጅማ ልጆች)

ይሄ ጽሑፍ ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ጓደኛው «ይሄን ድራማ ካላየህ አናወራም» ብላው ጀምሯል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ልጅቷ የድሮዋ ትሁን የአሁኗ ግራ ገብቶት ዘግቶታል። አሁን ሰው ስለ ድራማው ሲያወራ «ኧረ ተዉኝ፣ ዝባዝንኬ ነው» ይላል። እንደዚህ ከሆናችሁ አልፈርድባችሁም። እነዚህ ድራማዎች የራሳቸው አተያይ አላቸው፣ ማንም ደግሞ አስቀድሞ አይናገርም።

ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ይከተላል። የሚያስለቅሰው የጊዜ ጉዞው አይደለም። ወደ ኋላ መመለስ በራሱ ማንንም አያስለቅስም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያስቃል። የሚያስለቅሰው ከሁለቱ ፍቅረኞች አንዱ ሁሉንም እያስታወሰ ሌላው ምንም አለማወቁ ነው። ልጅቷ ያለቀሰችለት፣ ስንት ሌሊት የናፈቀችው ሰው ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ እሱ ደግሞ «ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?» ይላታል። በቃ። ይሄንን ከያዛችሁ ግራ የሚያጋባው ግማሹ ይጠራል።

የትኛውን ልጀምር?

በቤተ መንግሥት አትጀምሩ። ለጀማሪ ድርብ ሸክም ነው። የንጉሡን፣ የንግሥቲቱን፣ የሚያሴሩትን ሽማግሌዎች ስም መያዝ አለ፤ በዚያ ላይ ጊዜው ይገለባበጣል። መጀመሪያ ዘመናዊውን፣ ወደ ኋላ የሚሄደውም ጥቂት ዓመት ብቻ የሆነውን ምረጡ።

የኔ ምርጫ «ላቭሊ ራነር» ነው። ቲቪኤን የሚባለው የኮሪያ ጣቢያ በ2024 ያሳየው፣ 16 ክፍል ያለው ድራማ ነው። በኛ ሲቆጠር መጋቢት 30 ቀን 2016 ጀምሮ ግንቦት 20 ነው ያለቀው። (አዎ፣ ግንቦት 20። ያን ቀን ሥራና ትምህርት የሌለው ሁሉ ለምን እንዳለቀሰ አሁን ገባችሁ።) ቢዮን ዉ ሶክ እና ኪም ሄ ዩን ናቸው የሚሠሩበት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢም ሶል ተማሪ እያለች በደረሰባት አደጋ መራመድ አቁማለች፣ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሕይወት ባስጠላት ሰሞን ከአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ስልክ ይደወልላታል፤ በመስመሩ ላይ ያለው ገና ስሙ ያልታወቀ ዘፋኝ ነው፣ ርዩ ሶንጄ ይባላል። የተናገራት ነገር ያቆማታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱ ቀንደኛ አድናቂ ናት። ከዓመታት በኋላ፣ 2023 ሲገባ፣ ሶንጄ ይሞታል። እሷ ደግሞ የሱ በነበረ የእጅ ሰዓት ምክንያት ራሷን 2008 ላይ ታገኘዋለች፣ ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ። እግሯ ይሄዳል። እሱም በሕይወት አለ፣ ገና ዋናተኛ ነው።

ለ16 ክፍል ጊዜም ዳታም የለኝም የምትሉ «ስፕላሽ ስፕላሽ ላቭ»ን እዩ። በ2015 የተሠራ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አንዲት ሒሳብ የማይገባት ልጅ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀን ትጠፋለች፤ የኛን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቡት፣ ጭንቀቱ ያው ነው። ዝናብ ያቆረው ውሃ ውስጥ ትገባና ድርቅ ላይ ባለው የጆሰን (የድሮው የኮሪያ መንግሥት) ዘመን ትወጣለች፣ ወጣቱ ንጉሥ ሴጆንግ ፊት። የኮሪያን ፊደል ያስፈጠረው ንጉሥ ማለት ነው። ኩሬ ሁሉ እንደዚያ ሰው የሚወስድ ቢሆን ኖሮ በክረምት ግማሹ ጅማ ጆሰን በተገኘ ነበር። ቀላልና አጭር ነው፣ ሲያልቅ ግን ትንሽ ይጎመዝዛል። ለሙከራ ይበቃል።

ማግኘትና ማስተካከል

ካርድ ያለው፣ መክፈል የሚችል ሰው ቪኪ የሚባለው የድራማ ድረ ገጽ ላይ ይየው። አብዛኛው ሰው ግን እንዴት እንደሚያገኝ እናውቃለን፤ ፍላሽ ይዞ መርካቶ ወርዶ ያስጭናል፣ ወይ ዶርም ውስጥ ካለችው ልጅ ይገለብጣል፣ ወይ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ከቴሌግራም ያወርዳል። የትም ይሁን፣ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ክፍሎቹ በሙሉ መኖራቸውን። 11ኛው የጎደለበት 16 ክፍል ሰው ያሳብዳል። ሁለተኛ ሰብታይትሉ፣ ከሥር የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ፣ መኖሩን። ለብቻው ፋይል ከሆነ ከቪዲዮው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉት፣ ስሙንም ልክ እንደ ቪዲዮው አድርጉት፤ ያኔ ቪኤልሲ የሚባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ራሱ ያነሣዋል።

ጽሑፉ ከንግግሩ ጋር ካልገጠመ ችላ አትበሉት። በሌላ ድራማ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ምን ችግር አለው። በዚህ ዓይነቱ ግን ቁም ነገሩ ያለው አንዱ ተናግሮ ሌላው ዝም ባለበት ቦታ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ዝምታው ላይ ከመጣ ሁሉንም ያበላሸዋል። ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ የምታዩ ከሆነ፣ ጽሑፉ ከዘገየ የጂን ቁልፍ፣ ከቀደመ የኤችን ቁልፍ ትንሽ ትንሽ እየነካችሁ አስተካክሉት።

በነገራችን ላይ የጅማ ክረምት ለዚህ ነገር ምቹ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ የቲቪ ድምፅ አይሰማም፣ እናንተ ግን የምታነቡት ጽሑፍ ነው። መብራት ከሄደ ሌላ ጉዳይ ነው። ስልኩን ቀን ላይ ቻርጅ አድርጉ።

ዓመቱን ወደኛ ቀይሩት

ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ሳላደርገው ድራማ አልጀምርም። «2008» ብሎ ስክሪኑ ላይ ሲጽፍ በልባችሁ «2000» በሉ። ሚሊኒየማችን! ሶል ተመልሳ የገባችበት ዓመት መስከረም 1 ሲብት አገር ያበደበት ዓመት ነው። እሷ የሚታጠፍ ስልክ ስትይዝ፣ እኛ ጋ ሲም ካርድ ያለው ሰው የሚከበርበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቤጂንግ ላይ ጥሩነሽና ቀነኒሳ አምስት ሺሁንም አሥር ሺሁንም ጠራርገው ወሰዱ፤ እዚያው ኦሎምፒክ ላይ የኮሪያው ዋናተኛ ፓርክ ቴ ሁዋን በ400 ሜትር ወርቅ አገኘ። አሁን ድራማው ውስጥ ያለው ልጅ ለምን ዋናተኛ እንደሆነ፣ በዚያ ዘመን ኮሪያ ውስጥ ዋና ምን ማለት እንደነበር ይታያችኋል።

ለምን ይሄን ያህል እደክማለሁ? ድራማው ኮሪያ ውስጥ ላለ ተመልካች የሚሠራው ግማሽ ሥራ ናፍቆት ስለሆነ ነው። የድሮ ኤምፒስሪ፣ የድሮ የፀጉር አሠራር፣ የድሮ ዘፈን ሲያዩ ልባቸው ቀድሞ ይለሰልሳል፤ ፍቅሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ያንን ናፍቆት በነሱ ዕቃ አናገኘውም። ስለዚህ የራሳችንን ማስገባት አለብን። ያኔ የት ነበራችሁ? ስንተኛ ክፍል? ማን በሕይወት ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ በደንብ አስቡባት። ከዚያ ሶል በሩን ከፍታ ስትወጣ ምን እንደተሰማት ጽሑፍ ሳታነቡ ታውቁታላችሁ።

ዕድሜያችሁ ለ2000 የማይደርስ ደግሞ ትልልቆቻችሁን ጠይቁ። ለወሬ ጥሩ ሰበብ ነው።

ሰዓቱም እንዳያደናግራችሁ። የሶል የእጅ ሰዓት የሚሠራው በነሱ 12 ሰዓት ሲሞላ ነው፣ ማለትም በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ የሚሯሯጡት ለዚያ ነው።

ሕጉን ፈልጉ

እያንዳንዱ የጊዜ ጉዞ ድራማ ሕግ አለው። በምን ይኬዳል? ስንት ጊዜ? ምን ያስከፍላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ስታዩ ሥራችሁ ይሄን መልቀም ነው፣ ሌላው ይቆየን።

«ናይን» የሚባለው የ2013 ድራማ ሕጉ ከሁሉም ግልጽ ነው። ዘጠኝ የዕጣን እንጨት አለ። አንዱ ሲለኮስ ልክ 20 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል፣ የሚቃጠለው 30 ደቂቃ ነው፣ ሲያልቅ ትመለሳለህ። ስለዚህ እዚያ ሄደህ የምትወደውን ሰው ብታገኝ እንኳ ዓይንህ ዕጣኑ ላይ ነው። «ኩዊን ኢንህዩንስ ማን» ላይ ደግሞ አንድ ክታብ አለ፣ የያዘውን ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ አሻግሮ ወደኛ ዘመን ያመጣዋል። ማለትም ሰይፍ አንገቱ ላይ ካልመጣ የሚወዳትን ሴት አያያትም። ጨካኝ ሕግ ነው፣ ለዚህም ነው የሚይዘው።

ድራማው ሕጉን ራሱ ሲያፈርስ፣ ለምሳሌ መጨረሻ ላይ ያለ ምንም ምክንያት አንዱ ትውስታው ከተመለሰለት፣ የመናደድ ሙሉ መብት አላችሁ። እኔ እናደዳለሁ። ግን በጣም አትፍረዱ፤ አብዛኞቹ የሚያፈርሱት ተመልካቹ «እባካችሁ አስታራርቋቸው» ብሎ ስለሚለምን ነው፣ ተመልካቹ ደግሞ እኛው ነን።

ማን ያስታውሳል?

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ከዚህ በታች «ላቭሊ ራነር» ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚገለጠውን ነገር እናገራለሁ። ስፖይል የማትወዱ እሱን አይታችሁ ተመለሱ።

ሶል ወደ ኋላ ተመልሳ ሶንጄን መጀመሪያ ስታገኘው ጥምጥም ብላበት ታለቅሳለች። ያንን ቦታ በሁለት ዓይን እዩት። በሷ በኩል ሲታይ ሞቶ ዜናው የተነገረ ሰው ሞቅ ያለ ገላውን ይዞ ቆሟል። በሱ በኩል ሲታይ ግን ተራ ቀን ነው፤ ዩኒፎርም የለበሰች የሰፈር ልጅ ሰው ፊት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ትነፋረቃለች። እጁ የት እንደሚገባ አያውቅም። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ይስቃል፣ መሳቅም አለበት፣ ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ነው ሁለቱን የቀላቀለው።

ከዚያ ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ሶል «እኔ አድናቂ ነኝ፣ እሱ ኮከብ ነው፣ የኔ ፍቅር የአንድ ወገን ነው» ብላ ነው የምታስበው። እናንተም ከሷ ጋር እንደዚያ አምናችኋል። ካሜራው ዞር ይልና በሱ ዓይን ያሳየናል። ቤታቸው ፊት ለፊት ነበር። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን እሷ ማንነቱን ሳታውቅ ሮጣ ጃንጥላ አስጠልላዋለች፤ ለሷ ያ ቀን ምንም አልነበረም፣ ረስታዋለች። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ አልተመለሰም። ቀድሞ የወደደው እሱ ነው።

አያችሁ ምን እንደተደረገ? እስከዚያች ደቂቃ የምታስታውሰው እሷ፣ የማያውቀው እሱ ነበር። አሁን ተገለበጠ። እሱም ለብቻው የሚያስታውሰው ነገር አለው፣ እሷ ደግሞ የማታውቀው። ሁለት ሰው እያንዳንዱ ሌላው የረሳውን ይዞ ይዞራል። የቀሩት 14 ክፍሎች የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል እንዳለቀ ሦስተኛውን አትክፈቱ። መጀመሪያውን መልሳችሁ ክፈቱና የሱን ፊት ብቻ እዩ። ጽሑፍ አታንብቡ፣ እሷንም አትዩ፣ ንግግሩን አንዴ አንብባችሁታል። እሷ ስታወራው ዓይኑ የት እንደሚሄድ፣ ስትሄድ ስንት ሰከንድ ቆሞ እንደሚቀር። መጀመሪያ ላይ «ኩራተኛ» ያላችሁት ልጅ ያፈረ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ቢዮን ዉ ሶክ በዚህ ድራማ እንዲያ የተወደደበት ምክንያት ቁመቱ ብቻ አይደለም። (ቁመቱም አለበት።)

ደብተር የምትይዙ ዓይነት ሰዎች ከሆናችሁ አንድ ገጽ ሦስት ቦታ ክፈሉ። እሷ የምታውቀው፣ እሱ የሚያውቀው፣ እኔ የማውቀው። በየክፍሉ መጨረሻ አንድ አንድ መስመር ጻፉ። የናንተ ዓምድ ከሁለቱም በልጦ የሚረዝምበት ክፍል አለ፣ ሁለቱም የማያውቁትን እናንተ ብቻ የምታውቁበት፤ እዚያ ክፍል ላይ ሶፍት አዘጋጁ። ሳቂ ጓደኞቻችሁ ይሄን ደብተር ካዩ ያልቅላችኋል፣ ደብቁት።

የማይጥመውንም ልናገር። «ላቭሊ ራነር» ውስጥ ያለው የነፍሰ ገዳዩ የታክሲ ሹፌር ታሪክ ለኔ ደካማ ነው። ሰውየው ለምን እንደዚያ እንደሆነ በቂ ምክንያት አይሰጡንም፤ ሶል እንድትሮጥ ብቻ የተቀመጠ ይመስላል። እሱ ያለበትን ቦታ ፍጥነቱን ከፍ አድርጋችሁ ብታልፉ ማንም አይከሳችሁም።

ከቤተሰብ ጋር፣ በተለይ ከእናት ጋር

ሁለተኛ ድራማ ይሁንላችሁ የምለው «ጎ ባክ ካፕል» ነው። ኬቢኤስ በ2017 ያሳየው፣ 12 ክፍል። በወጣትነታቸው ተጋብተው 38 ዓመት ሲሞላቸው ተሰለቻችተው የተፋቱ ባልና ሚስት ናቸው። በማግስቱ ሲነቁ 1999 ላይ ናቸው፣ የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነው። በኛ 1991 እና 1992 መሆኑ ነው።

ሁሉም ሰው ባልና ሚስቱ ይታረቁ ይሆን ብሎ ይጀምረዋል። የሚገለው ግን ሌላ ነው። ሚስትየዋ ስትነቃ የድሮ ክፍሏ ውስጥ ናት፤ በሩን ስትከፍት ከዓመታት በፊት የሞተችው እናቷ አለች። እናትየው ምንም የተለየ ነገር አታደርግም። እንደ ማንኛውም እናት ትነጫነጫለች፣ ተነሺ ትላለች፣ ምግብ ታቀርባለች። ልጅቷ ግን ከእናቷ ቀሚስ አትለይም። አብራት ትተኛለች፣ ትከተላታለች፣ የተሰጣትን ሁሉ ትበላለች። እናትየው «ይቺ ልጅ ምን ነካት» ብላ ግራ ይገባታል። ተዋናይቷ ኪም ሚ ግዮንግ ናት፤ በኮሪያ ድራማ ስንት ሰው እናት እንደሆነች እሷም የምታውቀው አይመስለኝም፣ ግን ይሄኛው የተለየ ነው።

እና ሌላው ጉድ፦ ልጅቷ ወደፊት ያለው ዘመን ውስጥ ትንሽ ወንድ ልጅ ጥላ መጥታለች። እናቷ ጋ ከቀረች ልጇን ታጣለች። ልጇ ጋ ከተመለሰች እናቷን ለሁለተኛ ጊዜ ትቀብራለች። ከዚህ የባሰ ምርጫ አልገጠመኝም።

ይሄን ብቻችሁን አትዩት። እናታችሁ ካለች ከእናታችሁ ጋር እዩት። ችግሩ ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ እየተረጎማችሁ ነው የሚታየው። ለዚያ የሚሆን ዘዴ አለ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለመተርጎም አትሞክሩ፣ ትሸነፋላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አስረዱ፦ «እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ትልቅ ናት፣ ባሏን ፈታለች፣ ግን በተአምር ወደ ልጅነቷ ተመለሰች፣ የሞተች እናቷን አገኘቻት፣ እናቷ ግን አታውቅም።» አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ቀላቅሉት፣ ቤት ውስጥ እንደምታወሩት። ይሄን ከሰማች በኋላ እማዬ የቀረውን ከተዋናዮቹ ፊት ታነባለች። እንዲያውም ከናንተ ቀድማ ታለቅሳለች።

«ይሄ የቱ ነው፣ የድሮው ነው የአሁኑ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ስልኩን እዪ በሏት። ትልቅ ስክሪን ካለው የአሁኑ ነው። ስልክ ከሌለ ፀጉራቸውን። ብዙ ጊዜ የድሮው ዘመን ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ የአሁኑ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ሰው ሲጠራ፣ ቡና ሲፈላ አትጀምሩት። ሦስተኛው ስኒ ላይ ጎረቤት «ምን ሆናችሁ ነው የምታለቅሱት?» ብላ ስትገባ ከመጀመሪያው ማስረዳት ግዴታ ይሆናል።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥት

የዘመናዊውን አካሄድ ከለመዳችሁ በኋላ የድሮውን መጀመር ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ አለ። ጅሬን ውጡ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ቆማችሁ ያን የእንጨት ሰገነት ቀና ብላችሁ እዩና እንዲህ ብላችሁ አስቡ፦ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እዚያ ላይ ቆመዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ድረስ ነው የገዙት፤ ለምኒልክ እየገበሩ መንግሥታቸውን ሳያስነኩ የቆዩ ብልህ ሰው ናቸው። ግቢው በሰው ሞልቷል። ሁሉም ነገ እንደ ዛሬ የሚቀጥል ይመስለዋል። እናንተ ግን እሳቸው ሲያልፉ የጅማ መንግሥት ራሱን ችሎ መኖሩ እንደሚያበቃ ታውቃላችሁ። ትናገራላችሁ? ብትናገሩስ ማን ያምናችኋል? ከዚያ ግቢ አንድ ሰው ብትወዱስ?

ይሄ ስሜት ከገባችሁ የጎርዮና (ከጆሰን በፊት የነበረው የኮሪያ መንግሥት ነው) የጆሰን ድራማ ገባችሁ ማለት ነው። በዘመናዊው አንዱ የሚያስታውሰው የሁለቱን ታሪክ ነው። በቤተ መንግሥቱ ግን የሚያስታውሰው የአገሩን ታሪክ ነው፣ ማን እንደሚነግሥ፣ ማን እንደሚሞት፣ በማን እጅ። «ፌይዝ»ን ውሰዱ፣ 2012፣ 24 ክፍል። የዛሬዋ ሴኡል ሐኪም ንጉሥ ጎንግሚን ዙፋን ወደ ወጣበት ወደ 1351 ትወሰዳለች፤ ወስዷት የሄደው ጄኔራል ቾይ ዮንግ ነው፣ በታሪክ የነበረ ሰው። ቾይ ዮንግን መጨረሻ ላይ የሚጥለው ዪ ሶንግ ግዬ እንደሆነ፣ ያ ሰው ኋላ የጆሰንን መንግሥት እንደሚመሠርት ማንኛዋም ኮሪያዊት ትምህርት ቤት ተምራዋለች። ሐኪሟ የምትወደውን ሰው ማን እንደሚገድለው ታውቃለች ማለት ነው። እሱ አያውቅም። ያው ሕግ፣ ግን በአገር ልክ።

«ኩዊን ኢንህዩንስ ማን»ም እዚሁ ይገባል። በ2012 የወጣ፣ 16 ክፍል። ኪም ቡንግ ዶ የሚባል የ1694 ምሁር ክታቡ ወደኛ ዘመን ሲያመጣው አንዲት ተዋናይት ያገኛል፤ ልጅቷ ድራማ ላይ የምትሠራው ንግሥት ኢንህዩንን ሆና ነው፣ እሱ በአካል የሚያውቃትን ንግሥት! 1694 እንዳይርቅባችሁ፣ ጎንደር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት ታላቁ ኢያሱ የነገሡበት ዘመን ነው። ከኢያሱ አደባባይ የወጣ ሊቅ ቦሌ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ሲያይ አስቡት። ደስ የሚለው ግን ሰውየው ሞኝ አለመሆኑ ነው። ሌሎች ድራማዎች ከድሮ የመጣውን ሰው መሳቂያ ያደርጉታል፤ ይሄኛው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ስለራሱ ዘመን የተጻፈውን ታሪክ ያነባል። ስለ ራሱ። እኔ እስካሁን ከዚያ የበለጠ አንጀቴን የበላኝ የንባብ ትዕይንት አላየሁም።

ታሪኩን ቀድሞ ማንበብ ይሻላል ወይስ ኋላ? ለ«ኩዊን ኢንህዩንስ ማን» እና ለ«ፌይዝ» ቀድማችሁ ትንሽ አንብቡ፣ ጥሩ ነው። ከታች ለማነሣው «ስካርሌት ኸርት ርዮ» ግን በፍጹም።

ስለ መተኛትና ስለ 13ኛው ክፍል

ክፍሉ ሲያልቅ ለማቆም አትሞክሩ። የኮሪያ ደራሲዎች የክፍሉን መጨረሻ የሚጽፉት እንዳትተኙ ነው። አንዱ ገደል ጫፍ ላይ ሲቆም፣ አንዱ «አውቅሻለሁ» ሲል ይቆርጡታል። የሚቀጥለውን ክፍል ከፍታችሁ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እዩ፣ ነገሩ ይረጋል፣ እዚያ ጋ አቁሙና ተኙ። ጠዋት ክላስ ወይም ሥራ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

16 ክፍል ባለው ድራማ 13ኛውና 14ኛው ላይ ከባድ ነገር ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው ሰው ሌላውን ለማዳን ሲል «ጭራሽ ባንተዋወቅ ይሻላል» የሚልበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተናድዶ ያቆማል። አታቁሙ፤ ከክፍል አንድ ጀምሮ የተከማቸው ሁሉ የሚፈነዳው እዚህ ነው። ሁለቱን ክፍሎች ግን በአንዴ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ መሃል ላይ አድራችሁበት እንቅልፍ የለም። ያን ቀን ጓደኛችሁን «ጨርሰሻል?» ብላችሁ አትጠይቋት። ጨርሳ ከሆነ ትነግራችኋለች።

«ስካርሌት ኸርት ርዮ» የመጨረሻው ይሁን። 2016፣ 20 ክፍል፣ አይዩ እና ሊ ጁን ጊ የሚሠሩበት። የዛሬ ዘመን ልጅ ፀሐይ በጨለመችበት ቅጽበት ወደ ጎርዮ ትወሰዳለች፣ የንጉሡ ልጆች መሃል፣ አንዱም ሌላውን የማያምን። ከመካከላቸው አንዱ ዋንግ ሶ ነው፣ ኋላ አራተኛው የጎርዮ ንጉሥ የሚሆነው። መጨረሻውን አልናገርም። ስሙን ጎግል አታድርጉ፣ ቴሌግራም ላይ የደጋፊ ግሩፕ ውስጥም አትግቡ፤ እዚያ ከስንት ዓመት በኋላ አሁንም ሁለተኛ ሲዝን እየጠየቁ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ። ከፋይናል ፈተና በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ነፃ ስትሆኑ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ክፍሎች አንድ ላይ እዩ። ሰኞ ዓይናችሁ ያበጠ እንደሆነ «ጉንፋን ነው» በሉ፣ በክረምት ጅማ ማንም አይጠራጠራችሁም።